ተግሣጽን ያልታገሠው ንጉሥ፦ የቦሌስዋቭ ደፋሩ ሕይወትና በዜማ የቀረው ስሙ



የሰው ታሪክ የሚቀመጠው በመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ በዜማም ይቀመጣል። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ዜማውን ይሰማል። ዜማውን የሰማ ሰው ደግሞ ታሪኩን ደራሲው በተረዳበት መንገድ በልቡ ይይዛል። በፖላንድ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ዘመናቸውን ሲከፍቱ መዘምራን ተነሥተው በላቲን ቋንቋ የሚዘምሩት አንድ የ13ኛው መቶ ዘመን መዝሙር አለ። ስሙ ጋውዴ ማተር ፖሎኒያ ይባላል። ፖላንድን እናት ብሎ እየጠራ ደስ እንዲላት የሚጋብዝ መዝሙር ነው። የደስታዋ ምክንያት ግን በንጉሥ እጅ የተገደለ አንድ ጳጳስ ነው። የገዳዩ ንጉሥ ስም በመዝሙሩ ውስጥ አይጠራም። የሚነሣው ቁጣውና ጭካኔው ብቻ ነው።

ይህ ስሙ ያልተጠራ ንጉሥ ማን ነበር? እንዴትስ እዚህ ደረሰ? ዛሬ የምንመለከተው የእርሱን ሕይወት ነው። ንጉሡ ከሞተ ከ900 ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ የተሰናከለበት ድንጋይ ግን ዛሬም በመሪዎች፣ በአገልጋዮችና በእያንዳንዳችን መንገድ ላይ አለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፈረሰ ቤት የወረሰ ወጣት

ቦሌስዋቭ 2ኛ የተወለደው በ1042 ገደማ ነው። አባቱ ካዚሚየሽ 1ኛ ይባላል፤ ፖላንዳውያን "መልሶ የገነባው" የሚል ቅጽል ሰጥተውታል። እናቱ ዶብሮኒየጋ ከኪየቭ መሳፍንት ቤት የመጣች ነበረች።

አባቱ ይህን ስም ያገኘው በከንቱ አይደለም። ፖላንድ ክርስትናን የተቀበለችው በ966 መስፍኑ ሚየሽኮ 1ኛ በተጠመቀ ጊዜ ነበር። ከሰባ ዓመት በኋላ ግን አገሪቱ ፈራረሰች። ሕዝቡ በመኳንንቱና በቤተ ክርስቲያን ላይ ተነሣ፤ ወደ ቀድሞው ጣዖት አምልኮ የተመለሱም ነበሩ። የቦሄሚያው መስፍን ብሬቲስላቭም ይህን አይቶ ወረረ፤ የግኒየዝኖን ካቴድራል ዘርፎ ሄደ። ካዚሚየሽ ከስደት ተመልሶ አገሩን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና አስተዳደሩን ከፍርስራሽ አነሣ። ክራኮቭንም መቀመጫው አደረጋት።

ካዚሚየሽ በ1058 ሲሞት ቦሌስዋቭ ገና የ16 ዓመት ወጣት ነበረ። አባት በእንባ የሠራውን ቤት ልጁ ያለ እንባ ወረሰው። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን የተሠራውን ቤት የወረሰ ሰው፣ ቤቱ ፈርሶ እንደነበረ ቶሎ ይረሳል።

ለጋስነቱና ኩራቱ

ቦሌስዋቭ ሁለት ቅጽል ስሞች አሉት። አንዱ "ደፋሩ"፣ ሌላው "ለጋሱ" ይባላል። ሁለቱም እውነት ነበሩ።

ስለ እርሱ በመጀመሪያ የጻፈልን ስሙ በውል ያልታወቀ፣ በተለምዶ ጋሉስ የሚባል መነኩሴ ነው። የጻፈውም በ1110ዎቹ፣ ንጉሡ ከሞተ ከ30 ዓመት በኋላ ነበር። ጋሉስ ስለ ለጋስነቱ የሚከተለውን ይተርካል። አንድ ቀን ንጉሡ የተሰበሰበለትን ግብር በፊቱ ዘርግቶ ሲመለከት አንድ ድሃ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በዚያ ቆሞ ነበር። ያን ሁሉ ሀብት ባየ ጊዜ የራሱ ድህነት ትዝ ብሎት በረጅሙ ተነፈሰ። ንጉሡም ሰምቶ የሰውየውን ምክንያት ጠየቀ፤ ከዚያም በካባው መሸከም የሚችለውን ያህል ወርቅና ብር እንዲወስድ ፈቀደለት። ካባው ከክብደቱ የተነሣ ሊቀደድ ሲል ንጉሡ የራሱን ካባ አውልቆ ሰጠው። የብልጽግና ታሪክ የሚወድ ሰባኪ በዚህ ላይ ብቻ ትልቅ ስብከት ሊሠራ ይችላል!

ያው ጋሉስ ግን ሌላም ነገር ይነግረናል። በ1068 የኪየቩ መስፍን ኢዝያስላቭ ከዙፋኑ ተባርሮ ወደ ፖላንድ ሸሸ። የኢዝያስላቭ ሚስት የቦሌስዋቭ አክስት ነበረች። ቦሌስዋቭ ጦር ይዞ ወጥቶ ኪየቭ ገባ፤ ዘመዱንም ወደ ዙፋኑ መለሰው። ኢዝያስላቭ ከአዳኙ ጋር በሕዝብ ፊት የሰላም መሳሳም ቢለዋወጥ ክብሩ ይሆንለት ነበርና ለመነው። ቦሌስዋቭ እሺ ያለው በዋጋ ነው፤ ፈረሱ ወደ መስፍኑ በተራመደ ቁጥር ወርቅ ይከፈለው ዘንድ ተስማማ። በመጨረሻም ከፈረሱ ሳይወርድ የመስፍኑን ጢም ይዞ እየሳቀ ጎተተው፤ ከዚያ ሳመው።

ወገኖቼ፣ ለድሃ ካባውን አውልቆ የሰጠውና የዘመዱን ጢም በሕዝብ ፊት የጎተተው አንድ ሰው ነው። ለጋስነት ትሕትና አይደለም። ከእኛ በታች ላለው መስጠት ይቀለን ይሆናል፤ ከእኛ ጋር እኩል ሊቆም የሚፈልገውን ማክበር ግን ይከብደናል።

በገና ዕለት የተደፋው ዘውድ

ቦሌስዋቭ ሰነፍ ገዥ አልነበረም። ለቦሄሚያ ይከፈል የነበረውን ግብር ተቃወመ። በሀንጋሪ የዙፋን ጠብ ውስጥ ገብቶ በ1060 ቤላ 1ኛን፣ በ1077 ደግሞ ላስሎ 1ኛን ለንግሥና አበቃ። የራሱን የብር ሳንቲም በብዛት አስመታ። ገዳማትን ደገፈ፤ በ1075 በፕዎትስክ አዲስ ሀገረ ስብከት ተመሠረተ፤ የግኒየዝኖም ሊቀ ጳጳስነት እንደገና ተቋቋመ።

ዘመኑ የሮም ጳጳስ ግሪጎሪ 7ኛና የጀርመን ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ፣ ጳጳሳትን የመሾም ሥልጣን የማን ነው በሚል የተጣሉበት ነበር። ቦሌስዋቭ ከግሪጎሪ ጎን ቆመ። ዋጋውንም አገኘ፤ በ1076 በገና ዕለት በግኒየዝኖ ዘውድ ተደፋለት። ከቅድመ አያቱ ከቦሌስዋቭ 1ኛና ከልጁ ከሚየሽኮ 2ኛ ወዲህ በፖላንድ ዘውድ የጫነ ንጉሥ አልነበረም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚያው ክረምት፣ በጥር 1077፣ በሮም የተወገዘው ሄንሪ በጣሊያን ካኖሳ በተባለ ምሽግ ደጃፍ በብርድ ውስጥ ባዶ እግሩን ቆሞ ምሕረት ይለምን ነበር። በዚያ ወቅት የሁለቱን ነገሥታት ዕጣ ያየ ሰው ቦሌስዋቭን የእግዚአብሔር ወዳጅ፣ ሄንሪን የእግዚአብሔር ጠላት ብሎ ለመመዝገብ አያመነታም ነበር። የቤተ ክርስቲያን ደጋፊ፣ ጳጳሳት ያከበሩት፣ በልደት በዓል የተቀባ ንጉሥ! ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የጳጳስ ደም በእጁ ላይ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ጋር ያለን መልካም ግንኙነት ልባችን ለመሰበሩ ማስረጃ አይሆንም።

ኤፕሪል 11 ቀን 1079

ስታኒስዋቭ የሽቼፓኑቭ ተወላጅ ሲሆን ከ1072 ጀምሮ የክራኮቭ ጳጳስ ነበረ። በንጉሡና በእርሱ መካከል የተፈጠረውን ነገር ሁለት ጸሐፊዎች በሁለት ዓይነት ይነግሩናል።

አንደኛው ቀደም ብለን ያነሣነው ጋሉስ ነው። እርሱ አጭር ነው። ጳጳሱን በከዳተኝነት ስም ይጠራዋል፤ ንጉሡ ደግሞ አካሉ እንዲቆራረጥ አድርጎ እንደተበቀለው ይገልጻል። ከዚያም ለሁለቱም አያዳላም። ጳጳሱን ንጹሕ አያደርገውም፤ የንጉሡንም በቀል አያመሰግንም። የተቀባ ሰው በተቀባ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ቅጣት መፈጸሙ ለንጉሡ ትልቅ ጉዳት እንዳመጣበት ይናገራል።

ሁለተኛው ጸሐፊ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የጻፈው የክራኮቭ ጳጳስ ቪንሴንቲ ካድውቤክ ነው። እርሱ ሰፋ አድርጎ ይተርካል። ንጉሡ ሠራዊቱን ይዞ ለረጅም ጊዜ በሩስ ምድር ቆየ። በአገር ቤት ሚስቶች ከአገልጋዮች ጋር ወደቁ፤ ይህን የሰሙ ወታደሮች ንጉሡን ጥለው ወደየቤታቸው ተመለሱ። ንጉሡም ሲመለስ በከዱት ላይ የሞት ፍርድ፣ በሴቶቹም ላይ ለመናገር የሚከብድ ውርደት አመጣ፤ ሕፃናቱን ከጡታቸው አስነጥቆ የውሻ ግልገሎች እንዲጠቡ አደረገ ይላል። ጳጳሱ ገሠጸው፤ አልሰማም። አወገዘው። በዚህ ጊዜ ንጉሡ ራሱ ገብቶ ጳጳሱን በመሠዊያው ፊት ገደለው። ትውፊቱ ቦታውን በክራኮቭ አጠገብ ስካውካ በተባለው ኮረብታ ያለችው የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ያደርገዋል። ቀኑ ኤፕሪል 11 ቀን 1079 ነው።

ከሁለቱ ተራኪዎች ማንኛውን ብንከተል አንድ ነገር አይለወጥም፦ ንጉሡ የተቃወመውን አገልጋይ ሕይወት አጠፋ። መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ሰው ወዲያው የሚያስታውሰው ንጉሡን ኢዮአስን ነው። ኢዮአስን ያሳደገውና ያነገሠው ካህኑ ዮዳሄ ነበር። ዮዳሄ ከሞተ በኋላ ልጁ ዘካርያስ በእግዚአብሔር መንፈስ ንጉሡንና ሕዝቡን ቢገሥጽ፣ ኢዮአስ በእግዚአብሔር ቤት አደባባይ በድንጋይ አስወገረው (2ዜና 24፥20-22)። በመልካም የጀመረ፣ ቤተ መቅደስ ያደሰ ንጉሥ! ፍጻሜው ግን ይህ ሆነ።

ከፈረሱ ያልወረደ ስደተኛ

ከዚህ በኋላ ቦሌስዋቭ ብዙ አልቆየም። መኳንንቱ ተነሡበት፤ በዚያው በ1079 ሚስቱንና ልጁን ሚየሽኮን ይዞ ወደ ሀንጋሪ ሸሸ። ወንድሙ ቭዋዲስዋቭ ሄርማን በቦታው ገዛ፤ ዘውድ ግን አልጫነም።

የሀንጋሪ ንጉሥ የነበረው ላስሎ በፖላንድ ያደገ፣ በቦሌስዋቭም እርዳታ የነገሠ ሰው ነው። ባለ ውለታው መምጣቱን ሲሰማ ሊቀበለው ወጣ፤ ለአክብሮትም ከፈረሱ ወርዶ በእግሩ ቆመ። ቦሌስዋቭ ግን እንደ ጋሉስ አተራረክ ከፈረሱ አልወረደም። እኔ ያሳደግሁት፣ እኔ ያነገሥሁት ልጅ ነው ብሎ አሰበ፤ እንደ እኩያ አድርጎ ሊስመው አልወደደም። ላስሎ ቅር ቢለውም ችሎ በመልካም እንዲስተናገድ አዘዘ። የሀንጋሪ ሰዎች ግን ንቀቱን አልረሱትም። ጋሉስ ይህ ጥላቻ የቦሌስዋቭን ሞት ሳያፋጥነው እንዳልቀረ ይጠቁማል። ንጉሡ በ1081 ወይም በ1082 በስደት ሞተ። ልጁ ሚየሽኮ በ1086 ወደ አገሩ ቢመለስም በ1089 ገና ወጣት ሳለ ተቀጨ።

ኪየቭን በድል ሲገባ ከፈረሱ አልወረደም። አገሩን፣ ዙፋኑንና ክብሩን አጥቶ ሲሰደድም ከፈረሱ አልወረደም። ወንድሞችና እኅቶች፣ ዙፋን ማጣት በራሱ ሰውን አያዋርድም። ብዙ ነገር አጥተን ኩራታችንን ግን ይዘን ልንቀር እንችላለን።

መዝሙሩ እንዴት ተወለደ?

ዘመን አለፈ። በ1138 ቦሌስዋቭ 3ኛ ሲሞት ፖላንድ በልጆቹ መካከል ተከፋፈለች፤ እርስ በርስም ትዋጋ ጀመር። በዚህ ጊዜ ሕዝቡ የተገደለውን ጳጳስ ታሪክ በአዲስ ዓይን አየው። ትውፊቱ እንደሚለው የተቆራረጠውን አካሉን አሞሮች ጠበቁት፤ ብልቶቹም ተመልሰው አንድ ሆኑ። የተቆራረጠችውም ፖላንድ እንዲሁ አንድ ትሆናለች ብለው ተስፋ አደረጉ።

ሮም በ1253 ስታኒስዋቭን ቅዱስ ብላ ሰየመችው። በዚያው ወቅት የኪየልቻው ቪንሴንቲ የተባለ የዶሚኒካን መነኩሴ የሕይወት ታሪኩን ጻፈ፤ ለበዓሉም ሙሉ የጸሎት ዜማ አዘጋጀ። ጋውዴ ማተር ፖሎኒያ ከዚያ የተወሰደ ነው። መጀመሪያ የማታ ጸሎት መዝሙር ነበረ፤ ቀስ በቀስ በነገሥታት ፊትና በድል ቀን የሚዘመር የአገር መዝሙር ሆነ። ዛሬ በብዛት የሚሰማው ባለ አራት ድምፅ ቅንብር በ19ኛው መቶ ዘመን በቴኦፊል ክሎኖቭስኪ የተሠራ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ከዚያ በኋላ የተነሡት ነገሥታት ያደረጉት ነገር ነው። የፖላንድ ንጉሥ ዘውድ ከመጫኑ በፊት ባለው ቀን ከቫቬል ቤተ መንግሥት ወደ ስካውካ በእግሩ እየሄደ ስለ ቦሌስዋቭ ኃጢአት ንስሐ የሚገባበት ልማድ ነበረ። ከፈረሱ ያልወረደው ንጉሥ ተከታዮቹን ሁሉ በእግራቸው አስኬዳቸው ማለት ነው!

እኛ ወንጌላውያን ለቅዱሳን መታሰቢያ ጸሎት አናቀርብም፤ አማላጃችን አንድ እርሱም ሰው የሆነ ክርስቶስ ኢየሱስ ብቻ እንደሆነ እናምናለን (1ጢሞ. 2፥5)። ይሁን እንጂ ይህ ዜማ ለምን 700 ዓመት በላይ እንደኖረ መረዳት እንችላለን። ሕዝብ ሥልጣን ያለውን ሰው ፊት ለፊት እውነት የነገረውን አይረሳም። ይህን የኮሚኒስት መንግሥትም ያውቅ ነበር። በ1979 የጳጳሱ ሞት 900ኛ ዓመት ሲከበር፣ ቀድሞ የክራኮቭ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በግንቦቱ በዓል ላይ ለመገኘት ፈለጉ። መንግሥት በዚያ ቀን እንዲመጡ አልፈቀደም፤ የመጡት ከጁን 2 እስከ 10 ነው። በንጉሥ የተገደለ ጳጳስ መታሰቢያ ባለሥልጣናትን ከ900 ዓመት በኋላም አስፈራ።

ንጉሡስ ምን ይላል?

መዝሙሩ የጳጳሱን ወገን ብቻ ይዘምራል። ነገር ግን የሚዘምር ሁሉ አያጠራም። በ1904 ታዴኡሽ ቮይቼሆቭስኪ የተባለ የታሪክ ምሁር የጋሉስን ቃል መሠረት አድርጎ ጳጳሱ በእርግጥ በንጉሡ ላይ ያሴረ ከዳተኛ ነበር ብሎ ተከራከረ። ትልቅ ሙግትም አስነሣ። የክራኮቩ ሠዓሊና ጸሐፌ ተውኔት ስታኒስዋቭ ቪስፒያንስኪም በ1903 ስለ ቦሌስዋቭ ተውኔት ጽፎ ነበር፤ በ1907 ደግሞ ስካውካ የሚለውን አሳተመ።

ንጉሡን በሙዚቃ መድረክ ላይ ያቆመው ሉዶሚር ሩዚትስኪ ነው። ሩዚትስኪ ገና በ20ዎቹ ዕድሜው ሳለ መጀመሪያ በንጉሡ ስም አንድ የኦርኬስትራ ድርሰት ጻፈ። ከዚያም የቪስፒያንስኪን ተውኔት መሠረት አድርጎ ቦሌስዋቭ ደፋሩ የተባለውን ኦፔራ ደረሰ፤ በ1909 በልቩቭ፣ በዛሬዋ የዩክሬን ከተማ ልቪቭ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። በዚያ ዘመን ፖላንድ በሦስት ኃያላን ተከፋፍላ በካርታ ላይ አልነበረችም። ነፃነት የተራበ ሕዝብ በደፋር ንጉሥ ውስጥ የጠፋውን ክብሩን ሊያይ መፈለጉ አያስደንቅም። በመዝሙሩ ስም የሌለው ጨካኝ፣ በኦፔራው ስሙ በርዕሱ ላይ የተጻፈ ሰው ሆነ።

ከዚህ የምንማረው አለ። አንድን ሰው በመዝሙር ሰይጣን ማድረግም፣ በመዝሙር ጀግና ማድረግም ይቻላል። መዝሙር ትልቅ ኃይል ነው። በቤተ ክርስቲያን ጠብ ጊዜ በመዝሙርና በስብከት ወንድማችንን "ጠላቴ" እያልን የምንወጋ ካለን፣ ሕዝቡ ከእኛ በኋላም ያንን እየዘመረ እንደሚኖር እናስብ።

ከጥልቅ የመጣ ጸሎት

ስለ ቦሌስዋቭ ሌላ ትውፊትም አለ። በዛሬዋ ኦስትሪያ፣ በካሪንቲያ፣ ኦሲያኽ በሚባል ሐይቅ ዳር አንድ አሮጌ ገዳም ይገኛል። ትውፊቱ እንደሚለው ንጉሡ ማንነቱን ደብቆ ወደዚያ ገዳም መጣ። እንደ ዲዳ ሆኖ አንድ ቃል ሳይናገር ለዓመታት ዝቅተኛውን ሥራ ሲሠራ ኖረ፤ ማንነቱን የገለጠው ሊሞት ሲል ብቻ ነው። ዛሬም በዚያ የፈረስ ምስል ያለበት የሮማውያን ዘመን ድንጋይ አለ፤ በአጠገቡም የጳጳሱን ገዳይ የሚያወሳ ጽሑፍ ተቀርጿል። ታሪኩ የተጻፈው ንጉሡ ከሞተ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ስለሆነ እንደ ትውፊት እንጂ እንደ ታሪክ ማስረጃ አንይዘውም።

ትውፊቱ ግን የአንድ ትልቅ ሙዚቀኛ ልብ ነካ። የሀንጋሪ ተወላጅ የሆነው ፍራንዝ ሊስት ስለ ስታኒስዋቭ ኦራቶሪዮ ለመጻፍ ለብዙ ዓመታት ደከመ። በ1886 ሲሞት ሥራው አላለቀም ነበር፤ ከታቀዱት ክፍሎች የተጠናቀቁት አንደኛውና አራተኛው ናቸው። በዚህ በመጨረሻው ክፍል ሊስት ወደ ንጉሡ ንስሐ ዞረ። ለዚህም የመረጠው ቃል ከራሱ የፈለሰፈውን ሳይሆን መዝሙር 130ን ነው፤ በላቲኑ አቆጣጠር መዝሙር 129 ይባላል። ከጥልቅ ውስጥ ወደ ጌታ የሚጮኽ፣ እግዚአብሔር ኃጢአትን ቢቆጣጠር ማንም ሊቆም እንደማይችል የሚናዘዝ መዝሙር ነው።

ወንጌልን ለምናምን ሰዎች ይህ ምርጫ ብዙ ይናገራል። ማርቲን ሉተርም በዚሁ መዝሙር ላይ ተመሥርቶ አንድ መዝሙር ጽፏል፤ በ1524 ታተመ። በ1546 የሉተር አስከሬን በሃለ ከተማ ሲያልፍም ሕዝቡ ይህን መዝሙር እያለቀሰ ዘመረው። የመነኩሴውም፣ የተሐድሶ መሪውም፣ የነፍሰ ገዳዩ ንጉሥም መቆሚያ አንድ ነው፤ ምሕረት።

የኦሲያኽ ትውፊት ንጉሡ በዝምታውና በጉልበት ሥራው ኃጢአቱን የከፈለ ያስመስላል። ወገኖቼ፣ የሰው ደም በድስት ማጠብ አይነጻም። ለአሥር ዓመት ዲዳ መሆንም ነፍስ ገዳይን አያጸድቅም። የሚያነጻ ደም አንድ ብቻ ነው (1ዮሐ. 1፥7-9)። ነገር ግን ከትውፊቱ ውስጥ አንድ እውነት ይቀራል፤ ንጉሡ በመጨረሻ ከፈረሱ ወረደ ይለናል። ሕዝቡ ይህን ታሪክ ያወራው፣ ለእንዲህ ያለ ሰው እንኳ የምሕረት በር ተከፍቶ ማየት ስለፈለገ ይመስለኛል። መጽሐፍ ቅዱስም ይህን በር ያሳየናል። ኢየሩሳሌምን በንጹሕ ደም የሞላው ምናሴ በባቢሎን በሰንሰለት ታስሮ ራሱን እጅግ አዋረደ፤ እግዚአብሔርም ሰማው (2ዜና 33፥10-13)።

ለእኛስ?

ዳዊትም ነፍስ ገዳይ ነበረ። በእርሱና በቦሌስዋቭ መካከል ያለው ልዩነት የኃጢአቱ መጠን አይደለም። ናታን ጣቱን ሲቀስርበት ዳዊት ሰይፉን አልመዘዘም፤ በእግዚአብሔር ላይ መበደሉን ተናዘዘ (2ሳሙ. 12፥1-13)። ሄሮድስ ደግሞ ዮሐንስን አስሮ አንገቱን አስቆረጠ (ማር. 6፥17-28)። ተግሣጽ ሲመጣ ሁለት መንገድ አለ። ወይ እኛ እንሰበራለን፣ ወይ የገሠጸንን እንሰብራለን።

እኛ ሰይፍ አንይዝም። ነገር ግን ሰውን ከኮሚቴ ማስወጣት፣ ከመድረክ ማራቅ፣ "አመፀኛ ነው፣ ሥልጣን ፈልጎ ነው" ብሎ ስሙን ማጥፋት እናውቅበታለን። በዙሪያው አሜን የሚሉትን ብቻ ያስቀረ መሪ ስካውካ ኮረብታ ላይ ደርሷል፤ የቀረው ትንሽ ነው። ወንድሜ መጋቢ፣ እኅቴ አገልጋይ፣ ስለ ሕይወትህ ወይም ስለ ሕይወትሽ ያለ ፍርሃት እውነት የሚናገር ሰው አለ? እርሱ የመጨረሻ ጊዜ መቼ ተናገረ? ከዚያስ በኋላ ምን ሆነ? የጻድቅ ተግሣጽ ለራስ እንደ ዘይት መሆኑን ዳዊት ያውቅ ነበር (መዝ. 141፥5)።

ገሣጮችም እንጠንቀቅ። ስለ ስታኒስዋቭ ልብ ሁለት ጸሐፊዎች ሁለት ነገር መጻፋቸው ማስጠንቀቂያ ይሁነን። የምንናገረው ቃል እውነት ሆኖ ዓላማችን ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። በየዋህነት መንፈስ፣ ራሳችንንም እየጠበቅን የምናቀና እንሁን (ገላ. 6፥1)።

ቦሌስዋቭ ዘውድ ጫነ፣ ወርቅ በካባ ሰጠ። ከዚህ ሁሉ በዜማ የቀረለት የአንድ ቀን ቁጣው ነው። የእኛን ስም ሕዝቡ እንዴት እንደሚያስታውሰው መወሰን አንችልም። ተግሣጽ ሲመጣ ከፈረሳችን መውረድ ግን ዛሬ እንችላለን። ብዙ ጊዜ ተገሥጾ አንገቱን ያደነደነ ሰው ፈውስ በማይገኝበት ሰዓት በድንገት እንደሚሰበር ቃሉ ያስጠነቅቀናልና (ምሳ. 29፥1)፣ ያ ሰዓት ሳይደርስ እንስማ። ከጥልቅ ለሚጮኽ ሁሉ በእግዚአብሔር ዘንድ ይቅርታ አለ።

ጌታ የሚሰማ ጆሮና የተሰበረ ልብ ይስጠን። ተባረኩ!